የወንዜ ክስ

በሌሊት አውቶቡስ አንገታችን ዞሮ
ዌሊንግተን ገባን፤ ነፋሷ ቀድሞናል፣ ቆሞ ሲጠብቅ አድሮ።
አንድ ሽማግሌ አየሁ ከመብራቱ ሥር፣
ጨርቁን ነፋስ ወስዶበት፣ የጃንጥላ አጽም ይዞ ሲሻገር።

የለበስኩት ሸሚዝ የአክስቴ የንጋይሬ፣
እጅጌው ሁለቴ ታጥፎ፣ ለአንድ ቀን ተበድሬ።
በብብቴ ፋይል፣ በፋይሉ ፊርማ፣
የሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ ከወንዝ ወዲህ፣ ከወንዝ ማዶ ማማ።
የአጎቴ የታማቲ፣ የመካኒኩ ስም
በግሪስ አውራ ጣት ታትሟል፤ ቢፍቁትም አይለቅም።

ከፓርላማው ጎን ያለው ክብ ሕንፃ «ቀፎ» ነው ስሙ።
ፔታ «ማሩስ የታል?» አለ።
«ቆይ እንጂ» አልኩት፣ «ገና ነን ከሰሙ።»
ዘበኛው ቦርሳዬን በማሽን አሳለፈ፣
የትናንት ሳንድዊቼን በስክሪን አይቶ፣ በፈገግታ አለፈ።

አምስት ደቂቃ ሰጡን። ጠረጴዛው ረጅም፤
ሰባት ሰው ተቀምጧል፤ አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ አያዛጋም፣ ግን ደግሞ አይሰማም።
ወረቀቴ ተንቀጠቀጠ፤ ምላሴ ደረቀ፤
ያጠናሁት ሁሉ፣ ቁጥሩም ቀኑም፣ ከአፌ ጫፍ ወደቀ።
ያን ጊዜ አፌ ራሱ፣ ሳላዘው፣ ተከፈተ፤
አያቶቼ እንግዳ ፊት ሲቆሙ እንደሚሉት፣ ከተራራው ጀምሮ ዘሬን ጎተተ፦
«ተራራዬ ያ ነው። ወንዜ ይሄ ነው።
ታንኳዬ፣ ሕዝቤ... እናቴ ማዶ ነች፤ ትምህርት ቤቴ ወዲህ ነው።»

ወንዜ ስል ደነገጥኩ።
ልከሰው መጥቼ፣ በዘመድ ስም ጠራሁት፣ አቀፍኩ፤
ያን ከሁለት ክረምት በፊት፣ ደፍርሶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣
ድልድያችንን በእኩለ ሌሊት የበላውን ቆርጥሞ።

«ወንዙን አልከስም» አልኩ፤ «ወንዝ የወንዝ ነው የሠራ።
የምከሰው ‹ይጠናል› የሚለውን ቃል ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተኛውን ሥራ።
የአሥር ደቂቃ መንገዴ ሁለት ሰዓት ሆኗል፤
ወንድሜ አውቶቡስ ውስጥ ማንበብ ተምሯል፣ አውቶቡስ ውስጥ ጥርሱ ወልቋል።»

ባለ ስልኩ ስልኩን በአፉ ገለበጠ።
ሰብሳቢዋ «የወንዙ ስም እንዴት ይጻፋል?» አለች፤
ፊደሉን ስቆጥርላት ጊዜዬ አመለጠ።
«መልሱ በዘጠና ቀን ውስጥ በደብዳቤ ይደርሳችኋል።»
ይኸው ነው። ማሩን አልቀመስን፣ ንቡም አልነደፈን፤
«ሰሙንስ» አለ ፔታ፣ «አይተናል።»

ከሰዓት ሙዚየም። ሚስ ሌዮታ «እጅ በኪስ!» ትላለች።
በመስታወት ሣጥን አንዲት ግዙፍ የባሕር ፍጡር፣ ባለ ብዙ እጇ፣ ተኝታለች።
«እቺ ብትኖረን» አለች ኪሪ፣ «ፊርማው በአንድ ቀን ያልቅ ነበር።»
ሳቅን፤ ሳቃችን ጣሪያ ነክቶ ሲመለስ፣ ዝም አስባለን የአንድ ታንኳ በር፤
በር አይደለም፣ አፍንጫው ነው፤ ከአንድ ዛፍ የወጣ፣
ከድልድይ በፊት ሰው የተሻገረበት፣ ማመልከቻ ሳይጽፍ፣ ደብዳቤ ሳይመጣ።
መንካት ክልክል ነው ይላል።
እጄን ሳይሆን፣ የእጄን ጥላ አሳረፍኩበት፤ ጥላ ማን ይከለክላል?

ሲመሽ ወደ ወደቡ። ከእንጨቱ ማማ ልጆች ይዘላሉ፣
ተራ ይዘው፣ ጥርሳቸው እየተፋጨ፣ እንደገና ይወጣሉ።
«የአክስትሽ ሸሚዝ!» አለች ኪሪ።
እኔ ግን አየር ላይ ነበርኩ።

ውሃው ቀዝቃዛ፤ ስሜንም አልጠየቀኝ፣ ፊርማም አልፈለገ።
ሳቄ ከእኔ ቀድሞ ወጣ፤ እጅጌዬ እንደ ጀልባ ሸራ ተነፍቶ ተንሳፈፈ።
ከዚያ ትኩስ ድንች፣ በጋዜጣ፣ ጨው ያዘለ፤
አንዲት የባሕር ወፍ ከእጄ ነጥቃ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ቀጠሮ፣
ጉዳይዋን ፈጽማ በረረች፤ ፔታ «ከእሷ እንማር» አለ።

ሊነጋጋ ሲል ድልድያችን ጋ፣ ድልድያችን ያልነበረበት ጋ፣ ደረስን።
ሹፌሩ ቆመ። ከዚህ ገና ሁለት ሰዓት ዙረት አለብን።
ፀጉሬ አሁንም ጨው ይሸታል።
ሹፌሩ መብራቱን ወደ ማዶ ወረወረ፤ ወንዜ ከሥር ያጉተመትማል።
ከማዶ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣
የእናቴ መኪና
መብራቷን ሁለቴ ብልጭ አደረገች።